በብር ጨው የአንጎልን ምስጢር የገለጠው ሠዓሊ፤ የሳንቲያጎ ራሞን ካሃል አጭር የሕይወት ታሪክ

የሥነ ጽሑፍ ክፍል ተማሪና የሳይንስ ክፍል ተማሪ በምግብ አዳራሽ በአንድ ገበታ ሲቀመጡ የሚነሣውን ክርክር የማያውቅ በመካከላችን የለም። አንደኛው ሳይንስ ነፍስ የሌለው ስሌት ነው ይላል፤ ሁለተኛው ደግሞ ሥዕልና ግጥም ለአገር እንጀራ አይሆኑም ብሎ ይመልሳል። ክርክሩ ሳያልቅ ሻዩ ያልቃል፤ በማግሥቱም ካቆመበት ይቀጥላል። ለዚህ ክርክር ከማናችንም ንግግር ይልቅ የአንድ እስፓኛዊ ሐኪም ሕይወት የተሻለ መልስ ይሰጣል ብዬ ስለማምን ታሪኩን በአጭሩ ለወንድሞቼና ለእኅቶቼ ተማሪዎች ለማቅረብ ወደድሁ።

ሌላም ምክንያት አለኝ። ይህ ሰው የተወለደባት አገር በዘመኑ በሳይንስ ከጎረቤቶቿ ወደ ኋላ የቀረች ነበረች። በእስፓኝ ቋንቋ የተጻፈ የምርምር ጽሑፍ በበርሊንም ሆነ በፓሪስ የሚያነበው ሊቅ እምብዛም አልነበረም። እንግዲህ እንዲህ ካለ ቦታ የተነሣ ሰው እውነትን ቢያገኝ እንኳ ማን ይሰማዋል? ይህ ጥያቄ የእርሱ ብቻ አይደለም፤ የእኛም ጥያቄ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልኝ።

ሳንቲያጎ ራሞን ካሃል በሜይ 1 ቀን 1852 ዓ.ም. በሰሜን እስፓኝ፣ ፔቲያ ዴ አራጎን በምትባል ድንጋያማ የተራራ መንደር ተወለደ። አባቱ ዶን ኹስቶ ራሞን በድህነት ያደገ፣ በመጀመሪያ የፀጉር አስተካካይነትና የቁስል አካሚነት ሙያ ተምሮ ኋላ በገዛ ጥረቱ ሙሉ ሐኪም እስከ መሆን የደረሰ ሰው ነበረ። ሳይማር የቀረ ሰው የሚደርስበትን ውርደት በራሱ ላይ ስላየ፣ የበኵር ልጁ ሐኪም ከመሆን በቀር ሌላ ነገር እንዲያስብ አይፈቅድለትም ነበር።

ልጁ ግን ሌላ ነገር ያስብ ነበር። ወረቀት ባገኘበት ሁሉ ይሥላል፤ ወረቀት ሲያጣ በግድግዳና በበር ላይ ይሥላል። አባቱ ሥዕልን የሥራ ፈት ጨዋታ አድርጎ ስለሚቈጥር ቀለሙንም ብሩሹንም ይነጥቀው ነበር። ነገሩ እየበረታ ቢሄድ አባትዮው ዳኛ ፈለገ። በዚያ ሰሞን አይርቤ በምትባለው ከተማ የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ ለመለሰንና ለመቀባት የመጣ አንድ ሠራተኛ ነበረና፣ ልጁ የሣለውን የሐዋርያ ሥዕል ወስዶ አሳየው። ግድግዳ ቀቢው ሥዕሉን አገላብጦ አይቶ ልጁ ሠዓሊ የመሆን ተስፋ የለውም ብሎ ፈረደ። የአንድ ሕፃን ዕጣ በዚህ ዓይነት ዳኛ ፊት ተቈረጠ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት የእልህ ዓመታት ነበሩ። ልጁ በኻካ ከተማ ወደሚገኝ የመነኮሳት ትምህርት ቤት ተላከ፤ በዚያም ላቲን በቃሉ አልይዝ ስላለው በረኀብና በአለንጋ ተቀጣ። አሥራ አንድ ዓመት ሲሆነው በገዛ እጁ በሠራው መድፍ የጎረቤት በር አፍርሶ ታሰረ። አባቱ ይቀጣ ብሎ ለፀጉር አስተካካይ፣ ቀጥሎም ለጫማ ሠሪ ረዳት አድርጎ ሰጠው። የሚገርመው ነገር በጫማው ሥራ ጥሩ ባለሙያ ሆኖ መገኘቱ ነው። እጁ የሚታዘዝለት ልጅ ነበረና የሚቸግረው በቃል የሚጠና ትምህርት እንጂ በዓይንና በእጅ የሚሠራ ሥራ አልነበረም።

በመጨረሻ አባትና ልጅ የታረቁት ባልተጠበቀ ሥፍራ፣ በመቃብር ቦታ ነው። በ1868 ዓ.ም. ክረምት አባቱ የአካል ትምህርት ሊያስተምረው ፈልጎ ከአሮጌ መቃብር የወጣ አጥንት እየሰበሰበ ያሳየው ጀመር። ልጁም እያንዳንዱን አጥንት ከነጎድጓዳው፣ ከነጠርዙ፣ ከነስንጥቁ እየሣለ አጠናው። አባቱ ሥዕልን ከልክሎ ነበር፤ ዳሩ ግን የአጥንት ሥዕል ትምህርት ነውና አልከለከለም። ስለዚህ የተባረረው ሥዕል በኋላ በር ተመልሶ ገባ፤ ካሃልም እስከ ዕለተ ሞቱ ይህን በር አልዘጋውም።

በዚያው በወጣትነቱ ዘመን፣ በኡዌስካ ከተማ ሲማር፣ ሌላ ነገር ልቡን ማረከው። በአንድ የፈረሰ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ፎቶግራፍ አንሺዎች ይሠሩ ነበርና ሥራቸውን ለማየት ገባ። በመስተዋት ላይ የተቀባው የብር ጨው ብርሃን ካየ በኋላ በዓይን ሲመለከቱት ባዶ ነው፤ ወደ መድኃኒቱ ሲነከር ግን የሰው ፊት ቀስ በቀስ ከውስጡ ብቅ ይላል። ፎቶግራፍ አንሺዎቹ ሥራውን ይሠሩታል እንጂ ምክንያቱን አይጠይቁም ነበር። ወጣቱ ግን በባዶው መስተዋት ውስጥ ተደብቆ የቈየው ምስል ምን እንደሆነ ለማወቅ እጅግ ጓጓ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የብር ጨው ከሕይወቱ አልተለየም።

እዚህ ላይ ስለዚህ ጨው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ብርን ናይትሪክ አሲድ በሚባለው ብርቱ አሲድ ውስጥ ቢከቱት ብሩ ይሟሟል፤ ፈሳሹ ሲተን ቀለም የሌለው፣ የተፈጨ መስተዋት የሚመስል ፍሬ ይቀራል። ይህ የብር ናይትሬት ነው። በውሃ እጅግ ይሟሟል፤ በ210 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማም ይቀልጣል። በጣት ላይ ቢፈስ በመጀመሪያ ምንም አይታይም፤ ፀሐይ ሲያገኘው ግን ጣቱ ይጠቁራል፤ በሳሙናም አይለቅም፤ ቆዳው እስኪታደስ ድረስ ይቈያል። ምክንያቱም ጨው ሆኖ የነበረው ብር ከቆዳው ጋር ሲገናኝ ወደ ንጹሕ ብር ስለሚመለስና እጅግ የደቀቀ ብር ለዓይን ጥቁር ሆኖ ስለሚታይ ነው። የወጥ ቤት ጨው ያለበት ውሃ ቢጨመርበት ወዲያው እንደ ወተት ይነጣል፤ የኬሚስትሪ ተማሪዎች በውሃ ውስጥ ክሎራይድ መኖሩን የሚያውቁት በዚህ ነው። ከብሮማይድ ጋር ሲደባለቅ ደግሞ የፎቶግራፍ ፊልም መሠረት የሆነው የብር ብሮማይድ ይገኛል።

ሐኪሞችም ይህን ጨው ከጥንት ያውቁታል። በትንሽ በትር መልክ አቅልጠው ኪንታሮትና የማይድን ቁስል ያቃጥሉበት ነበር። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ካርል ክሬዴ የተባለው የላይፕዚግ ሐኪም ከእናታቸው በጨብጥ የተለከፉ ሕፃናት እንዳይታወሩ፣ በተወለዱ ጊዜ በዓይናቸው የብር ናይትሬት ጠብታ ማድረግ ጀመረ። በዚህም ሥራ እጅግ ብዙ ሕፃናት ከዕውርነት ድነዋል። ኋላ ግን በአብዛኛው ሥፍራ ሌሎች መድኃኒቶች ተተክተውበታል። በአፍ ቢገባ ግን መርዝ ነው። በጥቂት በጥቂቱ ለረጅም ጊዜ የወሰደው ሰውም ቆዳው አመድማ ሰማያዊ ሆኖ እንደዚያው ይቀራል። እንግዲህ ይህ ጨው አንድ ጠባይ አለው፤ የነካውን ነገር ያጠቁራል። የካሃል ታሪክም በአንድ በኩል የዚህ ጠባይ ታሪክ ነው።

ካሃል በሣራጎሳ ሕክምና ተምሮ በ1873 ዓ.ም. ተመረቀ። ወዲያው ወደ ጦር ሠራዊት ተጠርቶ በ1874 ዓ.ም. እስፓኝ ነፃነታቸውን ከሚጠይቁ የኩባ ሰዎች ጋር ወደምትዋጋበት ግንባር ሐኪም ሆኖ ተላከ። በረግረግ መካከል በተሠራ የጦር ሆስፒታል ውስጥ ከበሽተኞቹ ጋር እርሱም በወባ ወደቀ። በ1875 ዓ.ም. ከስቶና ገርጥቶ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ጥቂት ቈይቶም የሳንባ ነቀርሳ ያዘው። ከዚያ ጦርነት ያተረፈው ነገር ቢኖር ከደመወዙ የቈጠባት ገንዘብ ናት። በማድሪድ ለዶክተርነት ሲፈተን አንድ ፕሮፌሰር በማይክሮስኮፕ የሚታየውን ጥቃቅን ዓለም አሳይቶት ነበርና፣ በዚያች ገንዘብ ማይክሮስኮፕ ገዛ። በዩኒቨርሲቲው ለእንዲህ ያለ ምርምር የሚሆን ቤተ ሙከራ ስላልነበረ በገዛ ቤቱ ይሠራ ጀመር።

በ1879 ዓ.ም. ሲልቬሪያ ፋኛናስን አገባ። ዘመዶቹ በሽተኛ ሐኪም፣ ደመወዙ ትንሽ፣ ምን ይዞ ያገባል ብለው ነበር። እርስዋ ግን ቤቱን በጥቂት ገንዘብ አስተዳድራ፣ ሰባት ልጆች ወልዳ፣ ባልዋ ለመጽሔትና ለመድኃኒት የሚያወጣውን ሳትነፍገው ኖረች። በዚያን ዘመን የጄላቲንና የብር ብሮማይድ የፎቶግራፍ መስተዋት አዲስ ነገር ነበረና ካሃል በገዛ እጁ ይሠራው ነበር፤ ሌሎች ፎቶግራፍ አንሺዎችም ይገዙት ጀመር፤ ሚስቱም በሥራው ትረዳው ነበር። በዚህ ቢቀጥል ኖሮ ሀብታም ነጋዴ ሊሆን ይችል እንደነበር ይነገራል። እርሱ ግን ለፕሮፌሰርነት ተወዳድሮ በ1883 ዓ.ም. በቫሌንሲያ የአካል ትምህርት ወንበር አገኘ። በ1885 ዓ.ም. ኮሌራ በገባ ጊዜ ስለ በሽታው ላቀረበው ጥናት የሣራጎሳ ክፍለ ሀገር አስተዳደር ምስጋናውን የገለጸው በጊዜው አለ የተባለ የዛይስ ማይክሮስኮፕ በመስጠት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። በዚያ ዘመን ሊቃውንት የሰው አካል ሁሉ ሕዋስ ወይም ሴል ከሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች የተሠራ መሆኑን አውቀው ነበር። አንጎል ግን አስቸገራቸው። ከአንጎል ቀጭን ቁራጭ ቈርጠው በማይክሮስኮፕ ሲያዩት እንደ ተጠላለፈ ጭራሮ የክር ክምር ከመሆን በቀር መነሻውም መድረሻውም አይታወቅም። በተለመደው ቀለም ቢቀቡት ሁሉም አብሮ ይቀላል ወይም አብሮ ይፈዛል። መቶ ሰው አብሮ ሲጮኽ የማንም ቃል እንደማይሰማ ሁሉ፣ ሁሉም ሲቀባ አንዱም ተለይቶ አይታይም። ስለዚህ ብዙዎች የነርቭ ክሮች ሁሉ እርስ በርሳቸው የተቀጠሉ አንድ ወጥ መረብ ናቸው ብለው ያምኑ ነበር።

በ1873 ዓ.ም. ካሚሎ ጎልጂ የተባለ ኢጣልያዊ ሐኪም፣ አቢያቴግራሶ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ የማይድኑ በሽተኞች በሚጦሩበት ቤት ይሠራ ነበር። የመኖሪያውን ወጥ ቤት ቤተ ሙከራ አድርጎ ሲሞክር አንድ ትልቅ ነገር አገኘ። የአንጎሉን ቁራጭ በመጀመሪያ በፖታሲየም ዳይክሮሜት አጠንክሮ ቀጥሎ በብር ናይትሬት ቢነክረው፣ ሁለቱ ጨዎች በሕዋሱ ውስጥ ተገናኝተው የብር ክሮሜት የሚባል ጥቁር ነገር ይሆናሉ። ከብዙ መቶ ሕዋሳት መካከል የሚጠቁሩት ጥቂቶች ብቻ ናቸው፤ የሚጠቁረው ግን ከግንዱ እስከ ጫፍ ቅርንጫፉ ድረስ ሙሉ በሙሉ ይጠቁራል። በቢጫ ወረቀት ላይ በቀለም የተሣለ ዛፍ ይመስላል። ብሩ ለምን አንዱን መርጦ ሌላውን እንደሚተው እስከ ዛሬ አጥጋቢ ምክንያት አልተገኘለትም። ይሁን እንጂ አዳጋች ዘዴ ነበር፤ አንድ ቀን ይሠራል፣ ሌላ ቀን ይከሽፋል። ስለዚህ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ከኢጣልያ ውጭ የተጠቀመበት ሰው ጥቂት ነው። ጎልጂ ራሱም እንዲህ ያለ መሣሪያ በእጁ ይዞ፣ ነርቭ አንድ ወጥ መረብ ነው የሚለውን አሳብ አልተወም።

በ1887 ዓ.ም. ካሃል ለፈተና ዳኝነት ወደ ማድሪድ በሄደ ጊዜ ሉዊስ ሲማሮ የተባለ ሐኪም በጎልጂ ዘዴ የተዘጋጀ ቁራጭ አሳየው። ሌላው ሰው ያየው የጠቆረ ሕዋስ ነው። ካሃል ግን በፈረሰው ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ያየውን ያህል ተደነቀ፤ በባዶ መስተዋት ውስጥ ተደብቆ የነበረ ምስል በብር ጨው ሲወጣ ማየት ለእርሱ አዲስ አልነበረምና። በዚያው ዓመት ወደ ባርሴሎና ተዛውሮ ሌላውን ምርምር ሁሉ ትቶ በዚህ ላይ ብቻ ተተከለ።

ሌላው ያቃተው ለእርሱ እንዴት ተቻለው ቢባል፣ መልሱ የሙያና የትዕግሥት ነገር ነው። የብሩን አሠራር ከፎቶግራፍ የለመደ ሰው በመሆኑ አንድ ጊዜ ሲከሽፍ ተስፋ አልቈረጠም። ቁራጩን አንድ ጊዜ ብቻ ከመንከር ሁለት ጊዜ ነከረው፤ ቁራጩንም ወፈር አድርጎ ቈረጠው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው። በአደገ እንስሳ አንጎል ውስጥ ብዙዎቹ ክሮች ብሩን የማያስገባ የስብ ልባስ ለብሰዋል። ካሃል ይህን አስተውሎ ልባሱ ገና ያልበቀለባቸውን የጫጩት ፅንሶችና ገና የተወለዱ እንስሳትን ወሰደ። ያን ጊዜ ብሩ እየገባ ክሩን እስከ መጨረሻው ጫፍ አጠቆረው። ጫፉም ሲታይ ከሌላው ጋር የተቀጠለ አልነበረም። በወፍ ትንሹ አንጎል ውስጥ የአንዱ ሕዋስ ክር ሌላውን ሕዋስ እንደ ቅርጫት ያቅፈዋል፣ ይጠጋዋል፣ ነገር ግን ከእርሱ ጋር አንድ አይሆንም። እንግዲህ አንጎል መረብ ሳይሆን ደን ነው፤ ዛፎቹ ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ እስኪነካኩ ድረስ ተቀራርበው የቆሙ፣ ግንዳቸውና ሥራቸው ግን የየራሳቸው የሆነ። መልእክቱም የሚሄደው በአንድ በኩል ነው፤ በቅርንጫፎቹ ይገባል፣ በረጅሙ ክር ይወጣል፣ ወደ ጎረቤቱም ይተላለፋል።

ይህን ሁሉ ያየው በማይክሮስኮፕ ነው፤ ለሌላው ያሳየው ግን በሥዕል ነው። በወፍራም ቁራጭ ውስጥ የሕዋሱ ቅርንጫፎች አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ስለሚሆኑ በዘመኑ የነበረ ካሜራ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ሊያነሣው አይችልም። ዓይን ግን መነጽሩን ከፍ ዝቅ እያደረገ ሁሉን ያያል፤ እጅም ይሰበስበዋል። ግድግዳ ቀቢው ተስፋ የለውም ያለው እጅ የሣላቸው ሥዕሎች በሺህ የሚቈጠሩ ናቸው። ዛሬም የሕክምና ተማሪዎች መጽሐፍ ውስጥ ይገኛሉ። ሥዕሉ ለሳይንሱ ጌጥ አልነበረም፤ ያለ ሥዕሉ ሳይንሱ አይኖርም ነበር።

እንግዲህ ማን ይሰማዋል ወዳልነው ጥያቄ እንመለስ። በሜይ 1888 ዓ.ም. ካሃል በገዛ ገንዘቡ አንድ የምርምር መጽሔት አቋቋመ፤ የሚጽፈውም፣ ሥዕሉን የሚሠራውም፣ የማሳተሚያውን ዋጋ የሚከፍለውም እርሱ ራሱ ነው። የታተመው ስድሳ ቅጂ ብቻ ሲሆን አብዛኛውን በውጭ አገር ለሚገኙ ሊቃውንት በነፃ ላከው። በባርሴሎና ሳሉ ከልጆቹ አንዲቱ በማጅራት ገትር ሞተችበት፤ ኀዘኑንም ከሥራው ጋር ተሸክሞ ቀጠለ። ከተላኩት መጽሔቶች ግን የተጠበቀው መልስ አልመጣም። ቋንቋውን የሚያነብ የለም፤ የሚያነብም ቢኖር ከእስፓኝ እንዲህ ያለ ነገር ይገኛል ብሎ አያምንም።

ሌላ ሰው ቢሆን ተንቄያለሁ ብሎ አኵርፎ በቤቱ ይቀመጥ ነበር፤ ወይም የውጭ ሰዎችን የሚወቅስ ጽሑፍ ይጽፍ ነበር። ካሃል የጀርመን የአካል ጥናት ማኅበር አባል ሆነና በ1889 ዓ.ም. በኦክቶበር ወር ያለችውን ገንዘብ ሰብስቦ፣ ማይክሮስኮፑንና የመስተዋት ቁራጮቹን በሣጥን አድርጎ በርሊን ወደሚደረገው ጉባኤ ሄደ። ጀርመንኛ አይናገርም፤ ፈረንሳይኛውም ስብርብር ያለ ነው። ስለዚህ ብዙ አልተናገረም። ማይክሮስኮፖቹን በጠረጴዛ ላይ ደርድሮ የሚመጣውን ሰው እያስጠጋ አሳየ። በመጀመሪያ ጥቂቶች በጥርጣሬ ቀረቡ። ከእነርሱ መካከል በዘመኑ የዚህ ትምህርት አለቃ የነበረው ሽማግሌው አልበርት ፎን ኮሊከር ነበረ። ኮሊከር አጐንብሶ ካየ በኋላ እንግዳውን ይዞ ከሌሎቹ ሊቃውንት ጋር አስተዋወቀው። ከዚያም የካሃልን ሥራ በቤተ ሙከራው ደግሞ ሞክሮ እውነት መሆኑን መሰከረ፤ በዚያ ዕድሜው የካሃልን ጽሑፍ ለማንበብ እስፓኝኛ መማሩም ይነገርለታል። ያለማንም አማላጅ፣ በጠረጴዛ ላይ በተቀመጠ ቁራጭ ብርጭቆ ክርክሩ ተረታ።

ከዚህ በኋላ ያለው ቶሎ ይነገራል። በ1891 ዓ.ም. ጀርመናዊው ቫልዳየር ለነርቭ ሕዋስ ኒውሮን የሚለውን ስም ሰጠ። በ1892 ዓ.ም. ካሃል በማድሪድ ፕሮፌሰር ሆነ። በ1894 ዓ.ም. ለንደን ተጠርቶ በንጉሣዊው የሳይንስ ማኅበር የክብር ንግግር አደረገ። የዚያን ጊዜ ያስተናገደው ቻርልስ ሼሪንግተን፣ ሁለት ሕዋሳት የሚጠጋጉበትን ሥፍራ በ1897 ዓ.ም. ሲናፕስ ብሎ ሰየመው። ከ1899 እስከ 1904 ዓ.ም. ድረስ ደግሞ ካሃል ስለ ነርቭ አሠራር የጻፈው ታላቅ መጽሐፍ ታተመ።

በ1903 ዓ.ም. የፈለሰፈው ሌላ ዘዴ ግን ሳይነሣ ሊታለፍ አይገባውም። የሥጋውን ቁራጭ ለጥቂት ቀናት በሞቀ ሥፍራ በብር ናይትሬት ውስጥ አኑሮ ቀጥሎ ፓይሮጋሎል በተባለ መድኃኒት ነከረው፤ በሕዋሱ ውስጥ ያሉት እጅግ ቀጫጭን ክሮች ተገለጡ። ፓይሮጋሎል ምንድን ነው ቢባል፣ ፎቶግራፍ አንሺዎች ምስሉን ለማውጣት የሚያጥቡበት መድኃኒት ነው። እንግዲህ ካሃል በልጅነቱ በፎቶግራፍ ቤት ያየውን ነገር በቀጥታ ወደ አንጎል አመጣው ማለት ይቻላል። ለፎቶግራፍ ያለውን ፍቅር ሳይተውም በ1912 ዓ.ም. ስለ ባለ ቀለም ፎቶግራፍ አንድ መጽሐፍ አሳትሟል።

በ1906 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ለጎልጂና ለካሃል እኩል ተከፍሎ ተሰጠ። ሁለቱ ሰዎች በስቶክሆልም ተገናኙ። ጎልጂ በሽልማቱ ንግግር ላይ ጊዜውን ያዋለው የተለያዩ ሕዋሳት አሳብ ስሕተት መሆኑን ለማስረዳት ነበር፤ ይኸውም አጠገቡ ተቀምጦ በነበረው ሰው ሥራ ላይ መዝመት ማለት ነው። ካሃል በማግሥቱ ተራው ሲደርስ ያየውን ነገር ከነማስረጃው ዘርዝሮ ተናገረ፤ የጎልጂንም ዘዴ የሚገባውን ክብር ሰጠው። በአንድ ጨው የሠሩ፣ አንድ ሽልማት የተካፈሉ ሁለት ሰዎች፣ አንድ ነገር አይተው የተለያየ ነገር አነበቡ። መሣሪያ ብቻውን እውነትን አይሰጥም፤ የሚያየው ዓይን አስቀድሞ ከያዘው አሳብ ነፃ መሆን ይገባዋል።

በ1950ዎቹ ዓመታት በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ በሁለቱ ሕዋሳት መካከል እጅግ ጠባብ ክፍተት መኖሩ ተረጋግጦ ካሃል ትክክል ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ በአንዳንድ ሥፍራ የነርቭ ሕዋሳት በጥቃቅን ቀዳዳዎች በቀጥታ የሚገናኙ መሆናቸው ታውቋል፤ የካሃል መሠረት ግን አልተናወጠም።

ክብር ከመጣለት በኋላ የሠራው ሥራ ለእኛ ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅም ይመስለኛል። እስፓኝ በ1898 ዓ.ም. ኩባንና ሌሎች ቅኝ ግዛቶቿን በጦርነት ስታጣ ብዙዎች ሲያለቅሱ፣ እርሱ አገር የምትድነው በትምህርት ነው ብሎ ተነሣ። አስቀድሞ በ1897 ዓ.ም. ለወጣት ተመራማሪዎች የሚሆን ምክር አቅርቦ ነበርና ያን በመጽሐፍ አሰፍቶ አወጣው። የሚኒስትርነት ሹመት ቀርቦለት አልተቀበለም። በ1907 ዓ.ም. ግን እስፓኛውያን ተማሪዎችን ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ውጭ አገር የሚልክ መንግሥታዊ ጉባኤ ሲቋቋም ሊቀ መንበር ሆኖ ብዙ ዓመት አገለገለ። እርሱ ወደ በርሊን ብቻውን በገዛ ገንዘቡ የሄደበትን መንገድ ለሌሎች በመንግሥት ገንዘብ ከፈተላቸው። በቤተ ሙከራውም ፒዮ ዴል ሪዮ ኦርቴጋን የመሳሰሉ ሰዎች አደጉ።

ሚስቱ በ1930 ዓ.ም. ሞተች። እርሱም በኦክቶበር 17 ቀን 1934 ዓ.ም. በማድሪድ በ82 ዓመቱ ዐረፈ። ከሁለት ዓመት በኋላ እስፓኝ በእርስ በርስ ጦርነት ተቃጠለች። ያቋቋመው የትምህርት ጉባኤ ፈረሰ፤ ሪዮ ኦርቴጋ ተሰዶ በቦነስ አይረስ ሞተ፤ ሌሎችም ተበተኑ። አንድ ሰው በዕድሜው ሙሉ የገነባውን ጦርነት በሦስት ዓመት እንደሚበትነው ከዚህ በላይ ምስክር አያሻም። ሥዕሎቹና የመስተዋት ቁራጮቹ ግን ተርፈዋል። የካሃልና የተማሪዎቹ ሰነዶች በ2017 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም መታሰቢያ መዝገብ ውስጥ ተጽፈዋል።

እንግዲህ የምግብ አዳራሹ ክርክር በዚህ ሰው ፊት ቢቀርብ ምን ይሆናል? ካሃል ሥዕሉን ለሳይንስ ሲል አልጣለም፤ ሳይንሱንም ለሥዕል ሲል አልናቀም። የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ሆይ፣ አንጎላችን እንዴት እንደሚያስብ ለማወቅ የተከፈተው በር በአንድ የተከለከለ ሠዓሊ እጅ የተከፈተ መሆኑን አትርሳ። የሳይንስ ተማሪ ሆይ፣ ብር ናይትሬቱ በጎልጂ እጅም ነበረ፤ ያየውን ነገር ደጋግሞ በእርሳስ የሣለ ሰው ግን ሌላው ያላስተዋለውን አስተዋለ። ስለ አገራችን ኋላ መቅረት ስንነጋገርም፣ ማንም አይሰማንም ከማለታችን በፊት፣ ስድሳ ቅጂ መጽሔት በገዛ ገንዘቡ አሳትሞ የላከውን፣ መልስ ሲያጣም ማይክሮስኮፑን ተሸክሞ የሄደውን ሰው እናስብ። ሄዶ የሚያሳየው ነገር ነበረው። እኛም በቅድሚያ የምናሳየውን ነገር እናዘጋጅ።